ቀኑን ወደ ኋላ የቆጠሩት ሐኪም
የዶክተር ክዩሳኩ ኦጊኖ ሕይወት (1882-1975)

ወጣቶቻችን ለቅዱስ ጋብቻ በሚዘጋጁበት ወቅት ካቴኪስቶቻችን ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ሴት የምትፀንስባቸው ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ የሚመለከተው ነው። ይህ ጥያቄ በወላይታ ምድር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የእርሻ መሬት ጠቦበት፣ ያለችውን የእንሰት ጓሮ ለስንት ልጆች እንደሚያካፍል የሚጨነቅ አባት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከተጋባች ዓመታት አልፈው ልጅ ስላላገኘች በዘመድና በጎረቤት ፊት አንገቷን ደፍታ የምትኖር ሚስት አለች። የሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከአንድ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን ያንን ዕውቀት ለዓለም ያበረከቱትን ጃፓናዊ ሐኪም ሕይወት ባጭሩ ልንተርክላችሁ ወደናል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነታቸውና ትምህርታቸው

ክዩሳኩ ኦጊኖ በመጋቢት ወር 1882 በጃፓን አገር በአይቺ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ቶዮሃሺ በምትባለው ከተማ አካባቢ ተወለዱ። የትውልድ ቤተሰባቸው ስም ናካሙራ ሲሆን፣ ኦጊኖ የሚለውን ስም ያገኙት በአገራቸው ልማድ መሠረት በጉዲፈቻ ከተቀበላቸው ቤተሰብ ነው። በትምህርታቸው ብርቱ ስለነበሩ ወደ ቶኪዮ የንጉሠ ነገሥት ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1909 በሕክምና ተመረቁ። በ1912ም በሰሜን ምዕራብ ጃፓን የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ኒኢጋታ ከተማ ሄደው በታኬያማ ሆስፒታል የማኅፀንና የወሊድ ሐኪም ሆኑ። የዓለምን ዝና ካገኙ በኋላም እንኳ ከዚያች ከተማ አልወጡም።

በዚያ ዘመን በጃፓን ገጠር ልጅ ያልወለደች ሚስት ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ ትችል ነበር። በዶክተር ኦጊኖ ፊት የሚቀመጡትም ሴቶች አንዳንዶቹ ልጅ አጥተው የሚያለቅሱ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በተደጋጋሚ ወሊድ ኃይላቸው የደከመ ነበሩ። ሐኪሙ ለአንዲቱም የሚሰጡት የተረጋገጠ መልስ አልነበራቸውም፤ ሴት በየትኛው ቀን እንደምትፀንስ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ገና አልተገኘም ነበርና።

የጥንቱ ስሕተት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ብዙ ሐኪሞች የሴቲቱ ዕንቁላል የሚወጣው በወር አበባዋ ሰሞን ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንስሳት በሚፈልጉበት ወቅት ደም ሲታይባቸው ተመልክተው የሰውንም ተፈጥሮ እንደዚያው ገመቱት። ከዚህ ግምት የተነሣ በሁለት የወር አበባዎች መካከል ያሉት ቀናት ፅንስ የማይገኝባቸው ናቸው ተብሎ ለባለ ትዳሮች ይነገራቸው ነበር። እነዚህ ግን ከሁሉ ይልቅ ፅንስ የሚገኝባቸው ቀናት ናቸው። ምክሩ ቅን ቢሆንም መሠረቱ ስሕተት ስለነበር፣ ልጅ የሚሹት ሳያገኙ፣ ለማራራቅ የሚሹትም ሳይሳካላቸው ይቀሩ ነበር።

ወደ ኋላ መቁጠር

ዶክተር ኦጊኖ የተጠቀሙበት መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በልዩ ልዩ ሕመም ምክንያት ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና የሚከፈት ሴቶች ሲመጡ፣ አስቀድመው የወር አበባቸው የታየበትን ቀን በጥንቃቄ ይጠይቁና ይጽፉ ነበር። በቀዶ ሕክምናውም ጊዜ የዕንቁላል ዕጢዎቻቸውን ይመረምራሉ። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ በዕጢው ላይ ቢጫ መልክ ያለው አካል ይቀራል፤ ሐኪሙም የዚህን ቢጫ አካል ዕድሜ ከማኅፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ጋር እያስተያዩ ዕንቁላሉ የወጣበትን ጊዜ ይገምቱ ነበር። ስለዚህ የምርምሩ ግማሽ የሐኪሙ ቢላዋ ቢሆን፣ ግማሹ የሴቶቹ ቃል ነበር ማለት እንችላለን። ቀናቸውን በትክክል ያስታወሱ ሴቶችና ቃላቸውን አምኖ የመዘገበ ሐኪም ባይኖሩ ኖሮ ይህ ዕውቀት አይገኝም ነበር።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች ቀኑን የሚቆጥሩት ካለፈው የወር አበባ ወደ ፊት ነበር። ዶክተር ኦጊኖ ግን ቁጥሩን ገለበጡት፤ የሚመጣውን የወር አበባ መነሻ አድርገው ወደ ኋላ ቆጠሩ። በዚህም ዕንቁላል የሚወጣው ከሚመጣው የወር አበባ በፊት ከ16ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባሉት 5 ቀናት ውስጥ መሆኑን አገኙ። ምክንያቱም ዕንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ እምብዛም የማይለዋወጥ ሲሆን፣ ከሴት ሴት፣ ከወር ወር የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ስለሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት ዕንቁላሏ የሚወጣው ከ13ኛው እስከ 17ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በየ35 ቀኑ የሚመጣባት ደግሞ ከ20ኛው እስከ 24ኛው ቀን ትጠብቃለች። በ14ኛው ቀን ብቻ የተጠባበቀች ይህቺ ሁለተኛይቱ ሴት መካን ሳትሆን መካን ነኝ ብላ ልታዝን ትችላለች።

ይህን ጥናታቸውን በ1924 በጃፓን አቅርበው ከአገራቸው የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር ሽልማት አገኙ። በ1930ም በጀርመንኛ ታትሞ ወደ አውሮፓ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ኦስትሪያዊው ሐኪም ሄርማን ክናውስ በሌላ የምርምር መንገድ ተጉዘው ተቀራራቢ ውጤት ስላገኙ፣ ሥራው በሁለቱ ስም ተጣምሮ ይጠራል።

የሐኪሙ ሐሳብና የዓለም አጠቃቀም

ስማቸው በዓለም የታወቀው ልጅን ለማራራቅ በሚያገለግለው የቀን መቁጠሪያ ዘዴ ነው። እርሳቸው ግን ሥራቸው ለዚህ ብቻ መዋሉን አልወደዱም። ምኞታቸው ልጅ ያጡ ባለ ትዳሮች የሚፀነስበትን ቀን አውቀው ልጅ እንዲያገኙ ነበር። ቆጠራውን ብቻ ተማምነው ያልጠበቁት ፅንስ የሚመጣባቸው ሰዎች ፅንሱን ወደ ማስወረድ እንዳይሄዱም ይሠጉ ነበር። አንድ ሊቅ የገዛ ሥራውን ጉድለት በግልጽ መናገሩ ታላቅ ቅንነት ነው እንላለን።

ዶክተር ኦጊኖ የማኅፀን በር ካንሰርን ቀዶ ሕክምና በማሻሻልም ይታወቃሉ። ጥር 1 ቀን 1975 በ92 ዓመታቸው አረፉ። የኒኢጋታ ሕዝብ በከተማው ያለውን አንድ መንገድ በስማቸው ሰይሞ ያስታውሳቸዋል።

ከእርሳቸው በኋላ

ሌሎችም በእርሳቸው መሠረት ላይ ገነቡ። በ1930ዎቹ ቪልሄልም ሂለብራንድ የተባሉ ጀርመናዊ ካቶሊካዊ ካህን ባለ ትዳሮች በቤታቸው የሰውነታቸውን ሙቀት እየለኩ እንዲመዘግቡ አስተማሩ። ከ1953 ጀምሮ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ዶክተር ጆን ቢሊንግስ፣ በኋላም ከባለቤታቸው ከዶክተር ኤቭሊን ጋር፣ ከማኅፀን በር የሚወጣውን ፈሳሽ በመመልከት ላይ የተመሠረተውን ዘዴ አዳበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951፣ ጳውሎስ 6ኛም በ1968 ባለ ትዳሮች በበቂ ምክንያት ፅንስ በማይገኝባቸው ቀናት መጠቀም እንደሚችሉ አስተምረዋል፤ ሊቃውንትም ዕውቀቱን ይበልጥ እንዲያጠሩት ምኞታቸውን ገልጸዋል።

ዛሬ የሆርሞንን መጨመር በሽንት የሚያሳዩ ወረቀቶችና ቀን የሚቆጥሩ የስልክ ፕሮግራሞች ወደ ከተሞቻችን ደርሰዋል። ወረቀቱ ዕንቁላል ከመውጣቱ አንድ ወይም አንድ ቀን ተኩል ያህል አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ ቴርሞሜትሩ ደግሞ ከወጣ በኋላ ሙቀት በጥቂት ነጥብ ከፍ ማለቱን ያረጋግጣል። ቀን ብቻ የሚቆጥረው የስልክ ፕሮግራም ግን አዲስ ልብስ የለበሰ የዶክተር ኦጊኖ ስሌት ስለሆነ፣ የጥንቱ ጉድለት አብሮት አለ። የወንድ ዘር በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ እንደሚችልም ዛሬ ስለታወቀ፣ ጥንቃቄው ከቀድሞው መስፋት አለበት።

ለቤታችን የሚሆን ምክር

የወላይታ ሽማግሌዎች የጊፋታን በዓል ቀን ለመወሰን ጨረቃን ተከታትለው እንደሚቆጥሩ እናውቃለን። ቀን ቆጥሮ ማወቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ካቴኪስቶቻችን እነዚህን ጥቂት ነገሮች እንዲያስተውሉ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የሚቆጠረው ቀን እንጂ የወሩ ስም አይደለም። ወራችን 30 ቀን ሲሆን፣ በነሐሴና በመስከረም መካከል ጳጉሜን አለች። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት ነሐሴ 20 ቀን ብታይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ቀጣዩን የምትጠብቀው መስከረም 13 ቀን ነው። ጳጉሜንን ብትረሳ ግን በ5 ቀን ትሳሳታለች።

ሁለተኛ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘቀዝቁት ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ስላለች፣ የበሽታን ትኩሳት የዕንቁላል መውጣት ምልክት አድርጎ መውሰድ አይገባም። የምታጠባ እናትም የወር አበባዋ ሳይመለስ ልትፀንስ ስለምትችል፣ በቆጠራ ብቻ አትተማመን። እነዚህን ዘዴዎች የሚሻ ሁሉ ከሠለጠነ የጤና ባለሙያ ይማር።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ ይህ ዕውቀት የሁለቱ የባልና የሚስት ነው። ልጅ ላለመገኘቱ ምክንያቱ ባል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ስላልሆነ፣ ሚስትን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። ቀኑን መመዝገብም ለሚስት ብቻ የሚተው ሸክም መሆን የለበትም። ባል ቀኑን ጠይቆ ያክብር፤ በሚታቀቡበትም ጊዜ በትዕግሥት አብሯት ይቁም።

ዶክተር ኦጊኖ የሴቶችን ቃል ሰምተውና አምነው በመመዝገባቸው ዓለም ያላወቀውን አወቁ። እኛም በየቤታችን እንዲሁ ብንደማመጥ፣ የመሬት ጥበት የሚያስጨንቀውም ሆነ ልጅ በማጣት የሚያዝነው ቤተሰብ መንገዱን በሰላም ያገኛል። እግዚአብሔር አምላክ ትዳራችሁን ይባርክ።