በሩ ሲንኳኳ ሥራውን እንዳይረሳ ኮምፒውተርን ያስተማረ ሰው፦ ኤድስኸር ዳይክስትራ (1930 – 2002)

በዛሬው ዝግጅታችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው ንጉሥም የጦር መሪም አልነበረም። ከወላጆች መካከል ስሙን ሰምተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆቻቸው ግን ትምህርታቸው ብዙም ሳይገፋ ከስሙ ጋር ይገናኛሉ። ሰውየው ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። በየቤታችን ያለው ኮምፒውተር፣ በዚህ አገር አጠራር ማሕሼቭ፣ እንዲሁም በየኪሳችን ያለው ስልክ ያለማቋረጥ የሚሠሩት አንድ ሥራ አለ። ያንን ሥራ ገና ከጅምሩ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ በቤታችን ምሳሌ እንግለጸው። እናት እንጀራ እየጋገረች ሳለ በር ተንኳኳ እንበል። ሊጡን በምጣዱ ላይ እያዞረች ከሆነ ሳትጨርስ አትሄድም። ዙሩን ጨርሳ፣ በአክንባሎው ከድና፣ የት እንደደረሰች ልብ ብላ በሩን ትከፍታለች። እንግዳውን አስቀምጣ ፈጥና ወደ ምጣዱ ትመለሳለች፤ ቡናው ኋላ ይደርሳል። ከእንግዳው ጋር ጨዋታ ብትጀምር እንጀራው ያራል። በሩን ጨርሶ ባትከፍት ደግሞ እንግዳው ይሄዳል።

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ቁልፍ ይነካል፣ ባትሪው ሊያልቅ ይቃረባል፣ የላፕቶፑ ክዳን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የያዘውን ሥራ ለጊዜው እንዲተው ምልክት ይደርሰዋል። ይህ ምልክት በሙያው ቋንቋ ኢንተራፕት ይባላል፤ እኛ ማቋረጫ እንበለው።

ዳይክስትራ ግንቦት 11 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነበሩ። አሥረኛ ዓመቱን በደፈነ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 14 ቀን 1940፣ የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ በቦምብ አወደሙ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወጣቱ ሕግ አጥንቶ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ለመወከል ያስብ ነበር። ሆኖም በ1948 ትምህርት ቤቱን ሲጨርስ በሒሳብና በሳይንስ ያገኘው ውጤት ከፍተኛ ስለነበር ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ መማር ጀመረ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው አባቱ ያዩት አንድ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ስለሚሰጥ የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት የሚገልጽ ነበር። ልጁ በ1951 ሄዶ ተማረ። በሚቀጥለው ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ተቀጠረ፤ በአገሩም በፕሮግራም ጸሐፊነት ሥራ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ሙያው ግን ገና ስም አልነበረውም። በ1957 ማሪያ ዴቤትስን ሲያገባ በጋብቻው ወረቀት ላይ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው ብሎ ቢያስመዘግብ የከተማው ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ሥራ የለም በማለት አልተቀበሉትም። የፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተጻፈ።

ዋናው ፈተና የመጣው በዚሁ ወቅት ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሎፕስትራና ስኾልተን ኤክስ1 የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ሲነድፉ ማቋረጫ ሊያስገቡበት አሰቡ። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ቀርፋፋውን የጽሑፍ ማተሚያ እየጠበቁ ብዙ ጊዜ ያባክኑ ነበር። በአዲሱ አሠራር ማሽኑ ሌላ ሥራ እየሠራ ይቆያል፤ ማተሚያው ሲጨርስ ራሱ በሩን ያንኳኳል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዳይክስትራ ግን ፈራ። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። እስከዚያ ድረስ አንድ ፕሮግራም ስህተት ቢኖረው ደግሞ በማስኬድ ስህተቱን እዚያው ቦታ ላይ ማግኘት ይቻል ነበር። ማቋረጫው ግን በየትኛውም ሁለት ትእዛዞች መካከል፣ ማንም አስቀድሞ በማያውቀው ቅጽበት ሊመጣ ይችላል። ዛሬ የታየው ስህተት ነገ ላይደገም ነው። ይህን ሁሉ ማስተናገድ ያለበትን ፕሮግራም የሚጽፈው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር። ስለዚህ ለወራት እሺ ሳይል ቆየ። በመጨረሻ ባልደረቦቹ አግባብተው አሳመኑት።

እሺ ካለ በኋላ ግን እስኪሳሳት ጠብቆ ማረም የሚለውን መንገድ ተወ። ምልክቱ በየትኛውም ቅጽበት ቢመጣ ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ እንዲገኝ በሐሳብ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነበረበት። ማሽኑ በእጁ የያዘውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ የመጣውን ጉዳይ ያስተናግዳል፤ ከዚያም ያስቀመጠውን አንድም ሳያጎድል ይመልሳል። የተቋረጠው ፕሮግራም መቋረጡን እንኳ አያውቅም። ሊነካ በማይገባው አጭር ጊዜ ደግሞ በሩ ለአፍታ ይዘጋል። ይህን ሥራ በ1959 የዶክትሬት ጽሑፉ አደረገው። በዚያው ዓመት ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን ዝነኛ ዘዴውንም አሳተመ። ይህን ዘዴ በ1956 ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በሃያ ደቂቃ ያህል ነበር ያሰበው።

በ1960 ከባልደረባው ዞነፌልት ጋር አልጎል 60 ለተባለው ቋንቋ መተርጎሚያ ፕሮግራም ጻፉ። ሥራው እስኪያልቅ ጢማችንን አንላጭም ብለው ተስማምተው ነበር። ሲያልቅ ዞነፌልት ተላጨ፤ ዳይክስትራ ግን ጢሙን ይዞ ቀረ።

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኒክ ትምህርት ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ቴ ሃ ኤ የተባለውን የኮምፒውተር አስተዳዳሪ ፕሮግራም ሠራ፤ በ1968ም አሠራሩን ለዓለም ገለጸ። ፕሮግራሙ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ነበር። የመጨረሻው ታችኛው ፎቅ የሰዓቱን ማቋረጫ ተቀብሎ ፕሮሰሰሩን ለየሥራው ያከፋፍላል። ከላይ ያሉት ስለዚህ ሳይጨነቁ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ሥራዎቹ እንዳይጋጩም ከባቡር ሐዲድ ምልክት ስሙን የወሰደውን ሴማፎር ፈጠረ። ባቡር መንገዱ እስኪለቀቅ እንደሚቆም ሁሉ ፕሮግራምም ተራው እስኪደርስ ይተኛል፤ ምልክቱ ሲነሳ ይነቃል።

ይህ ሁሉ ለዛሬው ሰው ምን ይጠቅማል? ላፕቶፕ ስንዘጋ ክዳኑ መዘጋቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ፈርምዌር፣ ማለትም ፋብሪካው በማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው አነስተኛ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለ ደንብ መሠረት ይህ ወሬ በማቋረጫ በኩል ለከርነሉ፣ ማለትም ለማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ይደርሳል። ከርነሉ ማን እንዳንኳኳ ያጣራል፣ ጉዳዩን ይመዘግባል፣ ረጅሙን ሥራ ለኋላ ያቆያል፣ ፈጥኖም ወደ ተቋረጠው ሥራ ይመለሳል። ያንኳኳውን ሳያረጋጋ ቢመለስ ግን በሩ ደግሞ ደጋግሞ ይንኳኳል፤ ማሽኑም በር ከመክፈት በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም። አንዳንድ ላፕቶፕ ምንም ሳንሠራበት የሚሞቅበትና ማራገቢያው የሚጮኽበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኤሲፒአይን ዳይክስትራ አልሠራውም፤ ነገር ግን ፈርቶት የነበረው አደጋ ዛሬም አለ፤ መድኃኒቱም ያው ጥንቃቄ ነው።

በ1972 በኮምፒውተር ሙያ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። ከ1984 እስከ 1999 በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ለዓለም የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን ሲያስተምር የኖረው ሰው የራሱን ጽሑፎች በእጁ በቀለም ብዕር ነበር የሚጽፋቸው። ቁጥር እየሰጠ ለወዳጆቹ የላካቸው ጽሑፎች ከ1300 ይበልጣሉ። በመጨረሻ ወደ አገሩ ተመልሶ ነሐሴ 6 ቀን 2002 በካንሰር በሽታ በ72 ዓመቱ በኑነን ከቤቱ አረፈ።

እኛ ከዚህ ሰው ታሪክ የወሰድነው ትምህርት አንድ ነው። ሥራው ከአቅሙ በላይ መስሎ በታየው ጊዜ ፍርሃቱን አልደበቀም፤ ከሥራውም አልሸሸም። የሚያስፈራው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ አወቀና አንድ በአንድ መልስ ሰጠው። ወላጆች፣ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ካላችሁ የዳይክስትራን ስም ጠይቁት፤ የእንጀራውን ምሳሌ ደግሞ እናንተ ንገሩት።