ፓንቾ ጎንዛሌዝ፤ በዓይኑ የተማረው የቴኒስ ተጫዋች

ቴኒስ የምንጫወት የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሁላችንም የምንቸገርበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጨዋታው የሚከፈትበት፣ ሰርቪስ የሚባለው ምት ነው። ሌላውን ምት ሁሉ ባለጋራችን የላከልንን ኳስ ተቀብለን የምንመልሰው ሲሆን፣ ሰርቪስን ግን ከገዛ እጃችን ጀምረን ስለምንመታው፣ ቢከሽፍ የምናሳብብበት ሰው የለም። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን የምንጽፈው፣ ጨዋታውን ያለ አስተማሪ ሌሎችን በማየት ተምሮ በሰርቪሱ ዓለምን ስላስደነቀው ስለ ፓንቾ ጎንዛሌዝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ ሪካርዶ አሎንሶ ጎንዛሌዝ ነው። በሜይ 9 ቀን 1928 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሜክሲኮ ፈልሰው የመጡ ድኾች ሲሆኑ፣ እርሱ ከ7 ልጆች የመጀመሪያው ነበረ። ፓንቾ የሚለው ስም ወላጆቹ ያወጡለት አይደለም፤ በዚያ አገር ብዙዎች የሜክሲኮን ዘር ሁሉ በንቀት የሚጠሩበት ስም ነበረና በእርሱም ላይ ተለጥፎ ቀረ። 12 ዓመት ሲሆነው ለገና በዓል ብስክሌት ፈለገ፤ እናቱ ግን በ51 ሳንቲም ራኬት ገዝታ ሰጠችው። በከተማው ውስጥ ኤክስፖዚሽን ፓርክ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ ነበረ፤ የቴኒስ ሜዳም ነበረው። አስተማሪ የሚቀጥርለት ሰው ስላልነበረ ልጁ ዳር ቆሞ ትልልቆቹ ሲጫወቱ ይመለከታል፤ ያየውንም ሄዶ ይሞክራል።

እዚህ ላይ ልንደብቀው የማይገባን ነገር አለ። ጎንዛሌዝ ስለ ቴኒስ ብሎ ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛ። የደቡብ ካሊፎርኒያ የቴኒስ ማኅበር መሪ የነበረው ፔሪ ጆንስም፣ ትምህርቱን የተወ ልጅ በውድድር አይገባም ብሎ ከለከለው። በ15 ዓመቱ ሰው ቤት ገብቶ በመስረቅ ተይዞ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ፤ ከዚያም በባሕር ኃይል አገልግሎ በ1947 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጆንስ ፍርድ ትክክል ነበረን? በዚህ ነገር በክፍላችን የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኩሌቶቻችን ሕግ ሕግ ነው እንላለን፤ እኩሌቶቻችን ደግሞ ራኬቱን የቀማው ሰው በምትኩ መጽሐፍ አላስያዘውም እንላለን።

በ1948 ዓ.ም. ገና በ20 ዓመቱ ኤሪክ ስተርጀስን አሸንፎ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። በሚመጣው ዓመትም ከቴድ ሽሮደር ጋራ ገጥሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከተሸነፈ በኋላ ሦስቱን አከታትሎ ወሰደ። ወዲያው ገንዘብ የሚከፈለው ባለሙያ ሆነ። በዚያ ዘመን ለገንዘብ የሚጫወት ሰው በዊምብልደንና በመሰሎቹ ውድድሮች ስለማይገባ፣ ባለሙያዎቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ እርስ በርሳቸው ይጋጠሙ ነበር። የገጠመውም ጃክ ክሬመርን ነው። ክሬመር 96 ጊዜ ሲያሸንፈው እርሱ ያሸነፈው 27 ጊዜ ብቻ ነው። ሻምፒዮን ተብሎ የወጣው ወጣት በ22 ዓመቱ ለዙር ግጥሚያ የሚፈልገው ጠፍቶ፣ ልጅ ሳለ ዳር ቆሞ ይመለከትበት በነበረው በኤክስፖዚሽን ፓርክ የቴኒስ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያዘ።

እኛ ግን ይህን ሽንፈት እንደ ትምህርት ቤቱ እንቆጥረዋለን። 123 ጊዜ ከመረቡ ማዶ የዘመኑን ታላቅ ተጫዋች አይቷልና። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያዎቹን ሁሉ በተራ ረታ፤ ትራበርትን 74 ለ27፣ ሮዝዎልን 50 ለ26፣ ሆድን 51 ለ36 አሸነፈ። ሰርቪሱን መትቶ ወደ መረቡ ሲገሰግስ የሚቋቋመው ስለ ጠፋ፣ አዘጋጆቹ ወዲያው ወደ መረቡ እንዳይቀርብ የሚከለክል ደንብ ለጊዜው እስከ ማውጣት ደረሱ። እርሱም በዚያ ደንብ ተጫውቶ አሸነፈ።

ይህን ሰርቪስ ለመማር እኛ የቴኒስ ክበብ አባሎች የቆየ ፊልሙን እጅግ በዝግታ እያስኬድን ተመለከትነው። መጀመሪያ ያየነው ቀኝ ክንዱንና ኃይሉን ነው፤ በማግሥቱ እንደ እርሱ እንመታለን ብለን ኳሶቻችንን ሁሉ መረብ ውስጥና ከአጥር ውጭ ጨረስናቸው። ሁለተኛ ስናይ ግን ዓይናችን በግራ እጁ ላይ አረፈ። ኳሷን ወደ ላይ ሲሰዳት ከፍ አያደርጋትም፤ ራኬቱ እስከሚደርስበት ያህል ብቻ ወጥታ ልትመለስ ስትል ያገኛታል። ምክንያቱን የፊዚክስ መምህራችን አስረዱን፤ ኳስ ጫፍ ላይ ስትደርስ ለቅጽበት የቆመች ያህል ናት፤ ከ1 ሜትር ከፍታ ስትወድቅ ግን በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ፍጥነት ስላላት ልክ ጊዜዋን መያዝ ይከብዳል። የቀረው ሰውነቱ ደግሞ ከብት ጠባቂ ልጅ ድንጋይ ሲወረውር እንደሚያደርገው ነው፤ እግር ይጀምራል፣ ወገብ ይከተላል፣ ትከሻ ይዞራል፣ ክንድ መጨረሻ ይመጣል፤ መካከል ላይ ማቋረጥ የለም፤ እጁም አልተጨበጠም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 መሆኑ እንደ ረዳው አይካድም፤ ይህን ከፊልም መቅዳት አይቻልም። ግራ እጁን ግን መቅዳት ይቻላል፤ እኛም ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ራኬት ኳስ ወደ ላይ ስንሰድድ በአጠገባችን የሚያልፉ ታናናሾቻችን ሳቁብን።

በ1968 ዓ.ም. ባለሙያዎች በታላላቆቹ ውድድሮች እንዲገቡ ሲፈቀድ ጎንዛሌዝ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዊምብልደን ከ25 ዓመቱ ቻርሊ ፓሳሬል ጋራ ገጠመ። የመጀመሪያውን ዙር 24 ለ22፣ ሁለተኛውን 6 ለ1 ተሸነፈ፤ ሲመሽ ጨዋታው ለነገ ተላለፈ። በማግሥቱ 16 ለ14 እና 6 ለ3 አሸንፎ እኩል ሆነ። በመጨረሻው ዙር ፓሳሬል ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ የቀረው 7 ጊዜ ነበረ። ሁለት ጊዜ ጎንዛሌዝ በራሱ ሰርቪስ ላይ 0 ለ40 ሆኖበት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወጣ፤ 11 ለ9 አሸነፈ። ጨዋታው 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጀ።

በሪችመንድ ከተማ ያደገው ጥቁር አሜሪካዊ አርተር አሽ በልጅነቱ ከሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው ጎንዛሌዝን ነበረ፤ በ1975 ዓ.ም. ዊምብልደንን አሸነፈ። ጎንዛሌዝ ራሱ ያንን ዋንጫ አላገኘም፤ ሊያሸንፈው በሚችልባቸው ዓመታት በሩ ተዘግቶበት ነበርና። በጁላይ 3 ቀን 1995 ዓ.ም. በ67 ዓመቱ በላስ ቬጋስ በካንሰር በሽታ ሞተ፤ በዚያ ቀን በዊምብልደን የዓመቱ ውድድር ይካሄድ ነበር።