ሩዶልፍ ዲዝል

ሩዶልፍ ዲዝል (እ.ኤ.አ. 1858–1913) በስሙ የሚጠራውን የናፍጣ ሞተር የፈለሰፈ፣ ፓሪስ የተወለደ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ሞተሩ ካንዴላ የለውም፤ በብርቱ የታመቀ አየር ግሎ ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል።

ዲዝል መጀመሪያ ሞተሩ ማቀዝቀዣ አያሻውም ብሎ ያምን ነበር። በ1893 አውግስቡርግ የተሞከረው ሞተር የውኃ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ሐሳቡ አላዋጣም፤ በ1897 የተሳካለት ሞተር በውኃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ውኃ እየጨረሰ የሚያስቸግር የናፍጣ ሚኒባስ የሚመረምር መካኒክም የሚገጥመው ይኸው ሙቀትና ግፊት ነው። ጣና ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይገነፍላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ደግሞ የታመቀው ጋዝ ወደ ውኃው መተላለፊያ ገብቶ ውኃውን ገፍቶ ያስወጣዋል።

ዲዝል መስከረም 1913 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ከመርከብ ጠፋ። ራሱን ጣለ ወይስ ተገደለ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።