ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የመጻሕፍት ካታሎግ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጉኤል በጸሐፊነት አገለገሉ። በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ሙያ የሠሩት ግን እምብዛም አይነሣም።

በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልክተኞች ጋር ሎንዶን ደርሰው ተመለሱ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው ካታሎግ በሚል ስም አወጡት። ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዝርዝር ቤተ መጻሕፍቱን በ32 ዓመት ቀድሞታል። ካታሎግ ሠሪ በተለምዶ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ይመዘግባል፤ ኅሩይ ግን መደርደሪያው ሳይኖር የአንድ አገር መጻሕፍትን ለመመዝገብ ተነሡ። አንድ ሰው የየገዳሙን ዕቃ ቤት ሁሉ ሊያዳርስ አይችልምና ሥራው የተሟላ ነው አይባልም። ሆኖም ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገሩ ምን ምን መጻሕፍት ይታወቁ እንደነበር ለሚመረምር ሰው ዋና ምስክር ነው።

ወረራው የራሳቸውንም ድካም አልማረም። በማተሚያ ቤት የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ኅትመቱ ሳይፈጸም ተቋረጠ። በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ የከተማው ትልቅ ገበያ ገና አራዳ ነበረ፤ ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ መርካቶ የተባለው በወረራው ዘመን ነው። ኅሩይ ግን አዲስ አበባን ዳግመኛ ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ዐረፉ።