አንድ የተሰበረ ቸርኬና ዳኛ ካርዶዞ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለች መኪና ከውጭ አገር ገዝቶ አስገባ። ሊብሬዋን ካወጣ ከወራት በኋላ የሻንሲ ቁጥሯን ኢንተርኔት ላይ ቢፈትሽ፣ አምራቹ ለኤርባግ ቅያሪ ከጠራቸው መኪኖች አንዷ ሆና አገኛት። ጥሪው የወጣው መኪናዋ በቀድሞው ባለቤት እጅ ሳለች ነው። ባልደረባዬ የሕግ ሰው ነው ብሎ ወደ እኔ መጣና፣ ከፋብሪካው ጋር አንዳች ውል ሳይኖረው ፋብሪካው ስለ እሱ ደኅንነት የሚጠየቅበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የሕግ ሊቃውንትን ለረዥም ዘመን ያወዛገበ ነው። መልሱን በመኪና ጉዳይ ላይ አስረግጠው የሰጡት ቤንጃሚን ካርዶዞ የተባሉ ዓይነ አፋር የኒው ዮርክ ዳኛ ናቸው። (የአገራችንን ሕግ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካርዶዞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1870 በኒው ዮርክ ከተማ ከመንትያ እህታቸው ጋር ተወለዱ። ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ በከተማዋ የኖረ፣ ዘሩ ከፖርቱጋል የሚመዘዝ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባትየው አልበርት ካርዶዞም ዳኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከተማዋን እንዳሻው ያሽከረክር ለነበረው የፖለቲካ ቡድን በማድላት ተወነጀሉ፤ በ1872 ከሥልጣን ከመነሳታቸው በፊት ራሳቸው ሥራቸውን ለቀቁ። ልጅየው ያኔ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም። እናታቸው በ1879፣ አባታቸው በ1885 ሞቱ። ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ኔሊ ናት። ካርዶዞ ሚስት ሳያገቡ፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ ከዚህች እህታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ኖሩ። በሕግ ሙያ የጸኑት በአባታቸው የጎደፈውን የቤተሰብ ስም ለማንጻት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌላ ምክንያት መፈለግም የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በ15 ዓመታቸው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1889 ተመረቁ። ከዚያ በሕግ ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተቀመጡና ዲግሪውን ሳይወስዱ በ1891 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። እኛ ወረቀቱን ለመያዝ ስንት ዓመት የማሰንን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ቅር ይለናል። ከሃያ ዓመት በላይ በጥብቅና ሠሩ፤ አብዛኛው ሥራቸው ሌሎች ጠበቆች የከበዳቸውን ጉዳይ በይግባኝ መከራከር ነበር። በ1913 መጨረሻ ለዳኝነት ተመረጡ። ሥራ በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ግዛቱ የመጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተዛወሩ። ሁለት ዓመት ያህል እንደቆዩ የማክፈርሰን መዝገብ መጣ።

ዶናልድ ማክፈርሰን በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር የሚኖር የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። ቢዩክ መኪና የገዛው ስኬኔክታዲ ከተማ ካለ ነጋዴ ነው። በ1910 በጋ የታመመ ጎረቤቱን ወደ ሆስፒታል እየወሰደ ሳለ ከኋላ ጎማዎቹ የአንደኛው የእንጨት ቸርኬ ተሰባበረ። መኪናዋ ወደቀች፤ እሱም ተወርውሮ ተጎዳ። የቸርኬው እንጨት ብልሽት እንደነበረበት ተረጋገጠ። ቸርኬውን የሠራው ግን ቢዩክ ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ ነበር፤ ቢዩክ ገዝቶ ገጠመው እንጂ።

የቢዩክ ጠበቆች ሁለት ጠንካራ ክርክር ነበራቸው። አንደኛው፣ ያ ፋብሪካ 80,000 ቸርኬዎች አቅርቦ ከዚህ አደጋ በፊት አንድም ተበላሽቶ አልተገኘም የሚል ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቢዩክ መኪናውን የሸጠው ለነጋዴው እንጂ ለማክፈርሰን ስላልሆነ፣ ውል በሌለበት ግዴታ የለም የሚለው ነው። ለዚህም በ1842 እንግሊዝ አገር የተፈረደ ጉዳይ ነበር። የፖስታ ሠረገላ ነጂው ሠረገላው ተሰብሮ ተጎዳ፤ ሠረገላውን ያቀረበው ሰው ውል የነበረው ከፖስታ ኃላፊው ጋር እንጂ ከነጂው ጋር ስላልነበረ ነጂው ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚህ ሕግ ነፃ የወጡት እንደ መርዝ ያሉ፣ በባሕርያቸው አደገኛ የሆኑ ነገሮች ብቻ ናቸው ይባል ነበር።

ካርዶዞ መጋቢት 14 ቀን 1916 የሰጡት ፍርድ ይህንን አጥር አፈረሰው። አስተሳሰባቸው እንዲህ ነው፦ አንድ ዕቃ በቸልተኝነት ከተሠራ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣሉ የማይቀር ከሆነ አደገኛ ነገር ነው። አምራቹ ዕቃውን ከገዢው ሌላ ሰው እንደሚጠቀምበት፣ አዲስ ምርመራም እንደማይደረግበት እያወቀ ከሠራው፣ ውል ኖረም አልኖረም ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህች መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንድትሮጥ የተሠራች፣ የሦስት ሰው መቀመጫ ያላት ናት። ነጋዴው ደግሞ መኪናዋን እንደማይነዳት የታወቀ ነው። ስለዚህ የቢዩክን ክርክር መቀበል፣ ሕጉ የሚጠብቀው ጥበቃ የማያስፈልገውን አንድ ሰው ብቻ ነው እንደማለት ነው አሉ። ለሠረገላ ዘመን የወጣ ሕግ ለመኪና ዘመን አይበቃም። ቢዩክም የቸርኬውን ጥራት በተለመደ ምርመራ ሊያውቅ ይችል ስለነበር ከሌላ ሰው ገዛሁት ማለቱ አላዳነውም።

የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊላርድ ባርትሌት በሐሳብ ተለዩ። መኪናዋ በአደጋው ጊዜ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትሄድ እንደነበር አስታወሱ፤ የቀድሞዎቹ ፍርዶች ይህን ያህል መለጠጥ የለባቸውም ባይም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር በጥብቅ የሕግ አነባበብ ባርትሌት ስህተት አልነበሩም። ካርዶዞ ሕጉን የለወጡት ግን አሮጌዎቹን ፍርዶች በመሻር ሳይሆን፣ ድሮም ይህንኑ ነበር የሚሉት በሚመስል አቀራረብ ነው። ብልሃታቸውም እዚህ ላይ ነው። በ1921 ዳኛ እንዴት እንደሚፈርድ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትመው ዳኞች ሕግ የሚተረጉሙ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠሩም እንደሆኑ በግልጽ ጻፉ። በዚያን ጊዜ ይህን መናገር ድፍረት ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ካርዶዞን ቅዱስ ማድረጌ አይደለም። በ1924 ወይዘሮ ፖልስግራፍ ባቡር ጣቢያ ቆመው ሳለ፣ የባቡሩ ሠራተኞች ሲሳፈር የረዱት ሰው የያዘው እሽግ ወድቆ ፈነዳ፤ ከርቀት የነበረ ሚዛን ወድቆባቸው ተጎዱ። በታችኛው ፍርድ ቤት ተፈርዶላቸው ነበር። ካርዶዞ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ባቡር ድርጅቱ ይህንን ጉዳት አስቀድሞ ሊያይ አይችልም ብለው ሻሩባቸው፤ ኪሣራውንም እንዲከፍሉ ሆነ። ማክፈርሰንን ያዳነው አስቀድሞ የማየት መለኪያ ሴትዮዋን ጣላቸው። ፍርዱ በሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ ይደነቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

እህታቸው ኔሊ በ1929 ሞተች። በ1932 ፕሬዚዳንት ሁቨር በኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ምትክ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላኳቸው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ከፍተኛው ችሎት በጠርሙስ ውስጥ ተገኘ በተባለ ቀንድ አውጣ ምክንያት በቀረበ ጉዳይ ተመሳሳይ መርህ ሲያጸድቅ የካርዶዞን ፍርድ ጠቅሷል። በ1937 የጡረታ ሕጉን ሕገ መንግሥታዊነት ያጸናውን ፍርድ ጻፉ። በሐምሌ 1938 ዐረፉ። የአባታቸውን ስም ዛሬ የሚያነሣ ካለ በልጃቸው ምክንያት ነው።

ሆኖም የካርዶዞ ፍርድ የሚሠራው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ቸርኬው ሳይሰበር በፊት ባለመኪናውን ጠርቶ የሚያስጠነቅቅ ሕግ እሳቸው በሞቱ በ28 ዓመቱ፣ በ1966 አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ አምራቹ ጉድለቱን ለባለቤቶች እንዲያሳውቅ አስገደደ። በነፃ መጠገን ግዴታ የሆነው ደግሞ በ1974 በተደረገ ማሻሻያ ነው። ሁለቱ ግን አይነጣጠሉም። ጄኔራል ሞተርስ፣ ቢዩክን የያዘው ድርጅት ማለት ነው፣ ለዓመታት ችግሩ ይታወቅ የነበረ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ የተገጠመላቸውን 2.6 ሚሊዮን መኪኖች የጠራው በ2014 ነው። ጉዱን ያወጣው በጆርጂያ ግዛት ልጃቸው የሞተችባቸው ቤተሰቦች ያቀረቡት ክስ ነበር። ድርጅቱ ባቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች በዚሁ ምክንያት መሞታቸው ታመነ።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከካርዶዞ ሳይሆን ከአህጉራዊው አውሮፓ ሥርዓት የተቀዳ ነው፤ አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ቢሆንም በቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ውል አይጠይቅም። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን አምራቹ አይጠየቅም። ኤርባግ ውስጥ ያለ ጉድለት ደግሞ ሰፈር ጋራዥ ፈትሾ የሚያገኘው አይደለም። ይህ ሁሉ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ነው። የጥሪው ደብዳቤ ግን የተጻፈው በመኪናዋ የቀድሞ ባለቤት አድራሻ ነበር። ባልደረባዬ የሻንሲ ቁጥሯን በወረቀት ጽፎ ወደ አምራቹ የአዲስ አበባ ወኪል ሄዷል፤ እስከዚያው ድረስ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሟታል።