ለሦስት ዓመት መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የቀሩት ሐኪም

በገጠሩ የሀገራችን ክፍል ምጥ የያዛት እናት ካለች ጎረቤት ደጇ ላይ ተሰብስቦ ማርያም ማርያም ይላል። ሕፃኑ በሰላም ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ጠያቂም ይበዛል። ምጡ አንድ ቀን አልፎ ሁለት፣ ሁለት አልፎ ሦስት ቀን ሲሆን ግን ቤቱን ዝምታ ይወርሰዋል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ከሞት ብትተርፍም ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ቀንም ሌሊትም መፍሰስ ይጀምራል።

ይህ ጉዳት ፌስቱላ ይባላል። ለረጅም ዘመን እርግማን ወይም የፈጣሪ ቁጣ ነው እየተባለ ሲታመንበት ኖሯል። ብዙ ወጣት ሴቶች በዚህ ምክንያት ከትዳራቸው ወጥተዋል፣ ከማኅበርና ከቤተ ክርስቲያን ርቀዋል፣ ከቤት ጀርባ በተቀለሰች ጎጆ ውስጥ ለብቻቸው ኖረዋል። ጉዳቱ እርግማን ሳይሆን በቀዶ ሕክምና የሚድን ቁስል መሆኑን በኢትዮጵያ በተግባር ካሳዩት ሐኪሞች መካከል ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን አንዱ ናቸው። ዛሬ ሃምሊን የሚለው ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ባለቤታቸውን ዶክተር ካትሪንን ነው። ሥራው ግን የሁለቱ ነበር።

ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ በ1908 በኒው ዚላንድ፣ ናፒየር በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ሠልጥነው በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ በሚገኘው ክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ሆስፒታል ለሥራ ከመጡት ወጣት ሐኪም ከካትሪን ኒኮልሰን ጋርም በ1950 ጋብቻ ፈጸሙ።

በሲድኒ ሳሉ ትኩረታቸውን የሳበው ኤክላምፕሲያ የተባለው ሕመም ነበር። ይህ ሕመም በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የሚመጣ፣ የሚያንቀጠቅጥና እናትንም ጽንስንም የሚገድል ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ ነፍሰ ጡሮች በየጊዜው እየታዩ ክብደታቸውና አመጋገባቸው እንዲጠበቅ የሚያደርግ ክትትል ዘረጉ። ያገኙትንም ውጤት በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የአበው ምክር በእርሳቸው ዘንድ የሙያ መመሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን መንገድ የከፈተውም ላንሴት ነው። በ1958 መጽሔቱ በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀን ሐኪም እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አወጣ። ሆስፒታሉ የተሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ለሆኑት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር። ልዕልቲቱ በነርስነት ሙያ የሠለጠኑ ሲሆኑ በ1942 በነቀምት በወሊድ ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል። በወሊድ ጊዜ የሚመጣ አደጋ ከጎጆ እስከ ቤተ መንግሥት ማንንም እንደማይምር የሆስፒታሉ ስም ራሱ ይመሰክር ነበር።

ባልና ሚስቱ ትንሹን ልጃቸውን ይዘው በ1959 አዲስ አበባ ገቡ። የፈረሙት ውል የሦስት ዓመት ነበር። የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ይሁን እንጂ ገና ከመጀመሪያው ደጃቸውን የሞሉት በፌስቱላ የተጎዱ ሴቶች ሆኑ። ሁለቱም እንዲህ ያለ ታካሚ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበር። እነርሱ በመጡበት ሀገር ምጧ የረዘመ ሴት በጊዜው በቀዶ ሕክምና ስለምትወልድ ፌስቱላ ከሐኪም ዓይን ከራቀ ቆይቷል።

ጉዳቱ የሚፈጠርበት መንገድ ለማንም ሰው የሚገባ ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ ዳሌ አልፎ መውጣት ሲያቅተው፣ በአንድ በኩል በራሱ በሌላ በኩል በዳሌ አጥንቷ መካከል የሽንት ፊኛዋን ይጫነዋል። ጫናው ለሰዓታት፣ ከዚያም ለቀናት ሲቆይ ወደዚያ ክፍል የሚሄደው ደም ይቋረጣል። ውኃ የተቋረጠበት ቡቃያ ጠውልጎ እንደሚደርቅ ሁሉ ደም ያጣው ሥጋም ይሞታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ተለይቶ ሲወድቅ በፊኛውና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ዓይነ ምድር የሚወርድበት አንጀትም አብሮ ይጎዳል። እግርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመጫኑ መራመድ የሚሳናቸው ሴቶችም አሉ።

ዶክተር ሬጂናልድ ሥራውን የጀመሩት ከእርሳቸው በፊት የነበሩ ሐኪሞች የጻፉትን በማንበብ ነው። ለፌስቱላ ቀዶ ሕክምና መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ማርዮን ሲምስ ሲሆኑ፣ በ1840ዎቹ በአላባማ የተለማመዱት ያለ ማደንዘዣ በጥቁር ባሪያ ሴቶች ሰውነት ላይ ነበር። አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የሚባሉት የእነዚያ ሴቶች ስም ዛሬ ከሕክምናው ታሪክ ጋር አብሮ ይነሣል። በካይሮ ደግሞ ሐኪሙ ናጊብ ማህፉዝ ፓሻ በዚህ ቀዶ ሕክምና ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ሃምሊኖች ከቀደሙት የተማሩትን በራሳቸው እጅ እያሻሻሉ፣ እያንዳንዷ ታካሚ ምን ዓይነት ጉዳት እንደነበራትና ምን ውጤት እንደተገኘ ይመዘግቡ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ምሥጢር ቀዳዳውን መስፋት ብቻ አይደለም። ፊኛውን ከተጣበቀበት ጠባሳ በጥንቃቄ ማላቀቅ፣ ስፌቱ ሳይወጠር እንዲገጥም ማድረግ፣ ደም ያለው ጤናማ ሥጋ ከአጠገቡ አምጥቶ ስፌቱን መደገፍም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሽንት በቀጭን ቱቦ እየወጣ ፊኛው ለሁለት ሳምንት ያህል ማረፍ አለበት። ቱቦው አንዴ ከተዘጋና ፊኛው ከሞላ ስፌቱ ሊፈታ ስለሚችል የነርሶች ጥበቃ ከቀዶ ሐኪሙ እጅ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

በ1966 የ600 ፌስቱላዎችን ሕክምና የሚመለከት ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ጽሑፉ ከታከሙ በኋላ ዳግም ያረገዙ ሴቶችን 80 ምጦችም ይመለከታል። የአንዲት እናት ጤና በስፌት ብቻ እንደማያበቃና ቀጣዩ ልጅ በሰላም እስኪወለድ መከታተል እንደሚገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1969 ደግሞ ባልና ሚስቱ በምጥ ምክንያት የሽንት ቧንቧቸው ጨርሶ ለጠፋ ሴቶች አዲስ ቧንቧ የሚሠራበትን ዘዴ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዘዴው በቦታው ከቀረው ሥጋ ቧንቧውን መሥራትና ከጭን የሚመጣ ቀጭን ጡንቻ ደርቦ ደም እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት ከሁሉ የከፋ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሴቶቹ የሚመጡት ከሩቅ ነበር። ለመሳፈሪያ ለምነው፣ ቀናት በእግር ተጉዘው አዲስ አበባ የሚደርሱ ነበሩ። በሽታው ምክንያት ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ማስተኛቱ አስቸጋሪ ሲሆን ሃምሊኖች በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማረፊያ ሠሩላቸው። ዓመታት በመንደሯ ብቻዋን የኖረች ሴት በዚያ ማረፊያ የእርሷን ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሌሎች ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ታያለች። ከመታከሟ በፊት ብቻዋን አለመሆኗን ማወቋ ራሱ ትልቅ መጽናናት ነበር።

የታካሚው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ለፌስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ማቋቋም ግድ ሆነ። የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የተመሠረተው በ1974፣ ሀገሪቱ በአብዮት ማዕበል ውስጥ በነበረችበት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የውጭ ሀገር ዜጎች ኢትዮጵያን ለቅቀው ሲወጡ ሃምሊኖች በሥራቸው ላይ ቆዩ። ሕክምናው በነፃ ነበር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከዳነች በኋላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት አዲስ ልብስ ለብሳ የምትሸኝበት ልማድም የሆስፒታሉ መለያ ሆኗል።

ዶክተር ሬጂናልድ ካፈሯቸው ተማሪዎች ሁሉ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገጠር ለሕክምና የመጡ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ወጣት ነበሩ። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍና ታካሚ በመርዳት እዚያው ቀሩ። ዶክተሩ የእጃቸውን ቅልጥፍና አይተው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው። በመጀመሪያ መሣሪያ ማቀበልን፣ ቀጥሎም መስፋትን ደረጃ በደረጃ አስተማሯቸው። ወይዘሮ ማሚቱ በጊዜ ሂደት ራሳቸው ቀዶ የሚያደርጉ፣ ከሌላ ሀገር ለሚመጡ ሐኪሞችም ሙያውን የሚያሳዩ ሆኑ። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሲሸለሙም ከሃምሊኖች ጋር ነበሩ።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ለሦስት ዓመት የተፈረመው ውል 34 ዓመት ሆኖ ነበር። ዶክተር ካትሪን ከባለቤታቸው ሞት በኋላም እስከ 2020 በዚያው ግቢ ኖረው ሥራውን አስፋፉ። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የሕክምና ማዕከላት ተከፈቱ። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ሊድን ላልቻለ ሴቶች ደስታ መንደር ተቋቋመ። በ2007 የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ባልና ሚስቱ በመጀመሪያ የመጡበትን ዓላማ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንደገና አስጀመረ። እስካሁን በሆስፒታሉና በማዕከላቱ የታከሙ ሴቶች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከ10 ታካሚዎች በ9ኙ ቀዳዳው መዘጋቱን ተቋሙ ይገልጻል።

ይሁንና ቀዳዳው ተዘግቶላቸውም ፊኛቸው በመጥበቡ ወይም የሽንት ቧንቧቸው በመዳከሙ ሽንት መቆጣጠር የሚያዳግታቸው ሴቶች አሉ። ይህ ዛሬም ሐኪሞችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። የዶክተር ሬጂናልድ ሕይወት የሚያስተምረውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሰለጠነ ቀዶ ሐኪም እንኳ የሚጠግነው ከደረሰ ጉዳት በኋላ ነው። ጉዳቱ እንዳይደርስ ማድረግ የሚቻለው ግን በመንደር፣ በባልና በሚስት፣ በአማትና በጎረቤት እጅ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ክትትል ብታደርግ፣ ቤቷ ከመንገድ ርቆ ከሆነ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ብትቀመጥ፣ ምጡ ሲረዝም ቃሬዛው ሳይመሽ ቢነሣ ፊኛዋ ደም አጥቶ የሚሞትበት ጊዜ አይኖርም። ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ካለችም ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና በጊዜ ከተደረሰበት ሽንቱን በቱቦ እያስወጡ በማሳረፍ ብቻ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋበት አጋጣሚ አለ። አንዴ የታከመች እናት ደግሞ ቀጣዩን ልጇን በሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል።

ከመንደር ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ሽታዋን ፈርታ የተደበቀች ሴት ዛሬም ልትኖር ትችላለች። ሕመሟ ስም እንዳለው፣ ሕክምናው በነፃ እንደሚሰጥና ከእርሷ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ እህቶቿ ድነው አዲስ ልብስ ለብሰው ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ የሚነግራት አንድ ሰው ያስፈልጋታል።