ኮራ ዊልሰን ስቱዋርትና የጎልማሶች ትምህርት ውጤት ምዘና

ለጎልማሶች ትምህርት የዋለው ጉልበትና ገንዘብ ያስገኘው ፍሬ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ አንዳንዱን ዘመቻ አስመስግኗል፤ አንዳንዱንም አስወቅሷል። በሁለቱም በኩል ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ መምህርት ኮራ ዊልሰን ስቱዋርት ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኮራ ዊልሰን በ1875 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው መምህርት ነበሩ። እርሳቸውም በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ በ1901 የሮዋን አውራጃ ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ተመረጡ፤ በ1909ም ለዚሁ ሥራ ዳግመኛ ተመረጡ። ሮዋን ተራራማና መንገዱ አስቸጋሪ የሆነ፣ ፊደል ያልቆጠረ ጎልማሳ የበዛበት አገር ነበር። ቺካጎ ከምትኖረው ልጃቸው የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ለማስነበብ ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ይመላለሱ የነበሩ አንዲት እናት፣ ለተቆጣጣሪዋ ሐሳብ መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዷ ናቸው።

ጎልማሳው ቀን ሥራ ስለሚውል ትምህርቱ በማታ፣ ያውም መንገዱ በሚታይበት በጨረቃ ወቅት እንዲሆን ተወሰነ። መምህራኑ ቀን ሕፃናትን ሲያስተምሩ ውለው ማታ ያለ ደመወዝ ለማስተማር ፈቀዱ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም ጥሪውን አሰሙ። መስከረም 5 ቀን 1911 ትምህርቱ ሲከፈት ይመጣሉ ተብለው የተገመቱት ቢበዛ 150 ሰዎች ነበሩ፤ የመጡት ግን 1,200 ያህል ሆኑ። በሁለተኛው ዓመት የተማሪው ቍጥር 1,600 ደረሰ።

ይሁን እንጂ የተመዘገበ ሁሉ ተምሯል ማለት አይደለም። ኮራ ዊልሰን ይህን ልዩነት በሚገባ ተገንዝበውት ነበር። ተማሪው በገዛ እጁ ጽፎ የሚልክላቸው ደብዳቤ ለእርሳቸው ከመዝገቡ ፊርማ የበለጠ ማስረጃ ነበር። ሰውየው ወደ ትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ለመጻፍና ለማንበብ ከሆነ፣ መለኪያውም ከጉዳዩ ጋር የተስማማ ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1913 ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ሥራ ተሠራ። በአውራጃው ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ሁሉ በስም ተቈጠሩ፤ 1,152 ሆኑ። የእያንዳንዱ ሰው የኑሮ ሁኔታና ጠባይ ሳይቀር ተጻፈ፤ መምጣት ለማይችሉትም በየቤታቸው የሚያስተምር ሰው ተፈለገ። በዘመቻው ማብቂያ ሳይማሩ የቀሩት 23 ብቻ መሆናቸው ተገለጸ። ከእነዚህም ስድስቱ ዓይነ ስውር ወይም ዓይናቸው የደከመ፣ አምስቱ በሕመም የአልጋ ቍራኛ የሆኑ፣ ስድስቱ የአእምሮ ጉድለት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ሁለቱ ትምህርቱ ሲዘጋ ወደ አውራጃው የገቡ፣ አራቱ ደግሞ ለመማር እንቢ ያሉ ነበሩ። የዚህ ሪፖርት ትልቁ ዋጋ ያልተሳካውን ከነምክንያቱ መዘርዘሩ ነው። ጉድለቱም አልታጣም፤ የቈጠሩት ያስተማሩት ሰዎች ነበሩና፣ ሕንፃውን የሠራው ተቋራጭ ራሱ እንደ ተረካቢ ሆኖ ነበር።

ይህ ጉድለት ሥራው ወደ መላው ክፍለ ግዛት ሲስፋፋ ጎላ። በ1914 በኮራ ዊልሰን ሊቀ መንበርነት የኬንታኪ የመሃይምነት ማጥፊያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ እስከ 1920 መሃይምነትን ከክፍለ ግዛቱ ማጥፋት የዘመቻው ዓላማ ሆኖ ታወጀ። ኮሚሽኑ በሥራ ዘመኑ ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ተማሩ ተነገረ። የ1920 የሕዝብ ቈጠራ ግን የመሃይማኑ ብዛት በ1910 ከነበረበት ከመቶ 12.1 ወደ 8.4 ዝቅ ከማለት በቀር እንዳልጠፋ አሳየ። በእርግጥ ቈጠራው ራሱ ፈተና አልነበረም፤ የሚጽፍ ወይም የማይጽፍ መሆኑን ከየቤተሰቡ እየጠየቀ መዘገበ እንጂ። ሁለቱ ቍጥሮች የተገኙት በተለያየ መለኪያና በተለያዩ ሰዎች እጅ ነውና አንዱ ሌላውን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ቢሆንም የታወጀው ቀን ደርሶ ዓላማው ስላልተፈጸመ፣ ከመቶ 3.7 ያህል መቀነሱ እንደ ድል ሳይሆን እንደ ጉድለት ታየ። በዚያው ዓመት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የኮሚሽኑን ሥራ ሳያድስ ቀረ። የሙያው ሰዎችም በጥቂት ሳምንታት የተገኘ ንባብ ጸንቶ መቈየቱን፣ ቍጥሩም መታመኑን መጠየቅ ጀመሩ።

ኮራ ዊልሰን ከትግሉ አልራቁም። በ1929 ፕሬዚዳንት ሁቨር ባቋቋሙት ብሔራዊ የመሃይምነት አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ በኃላፊነት ሠርተዋል። በእርጅናቸው ዘመን የዓይን ብርሃናቸውን አጥተው በ1958 ዐረፉ።

ከሥራቸው የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። ትልቁ ቍጥርና የተቈረጠው ቀን ዘመቻውን አነሣሡት፤ በመጨረሻም በተጠያቂነት አቆሙት። የሮዋን ዝርዝር ግን ከእያንዳንዱ አሐዝ ጀርባ አንድ ሰውና አንድ ምክንያት ስላለው እስከ ዛሬ ሊመረመር ይችላል። የጎልማሶችን ትምህርት የሚመራ ሰው ሁሉ ለተማሩት ብቻ ሳይሆን ለቀሩትም መልስ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የቀሩትን መቍጠር ከሥራው የመጨረሻ ምዕራፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ መግባት ይገባዋል።